የዓሣ ገንዳን ውሃ በተፈጥሮ መንገድ ስለማኮምጠጥ

በመስታወት ገንዳ የሚያድር ዓሣ ውሃው ሳይደፈርስ ሊሞት ይችላል፤ ዓይን የማያየው የውሃው ጠባይ ተለውጦበታልና። ይህ ጠባይ የሚለካው ፒኤች በሚባል ልክ ነው፤ ልኩንም የዴንማርክ ሊቅ ሶረንሰን በ1909 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አወጣው። 7 መካከለኛ ነው፤ ከ7 በታች ያለው ኮምጣጣ፥ ከ7 በላይ ያለው አልካሊ ይባላል። በአንድ ቁጥር ዝቅ ማለትም ኮምጣጣነቱ 10 እጥፍ መጨመሩ ነው።

በደቡብ አሜሪካ የሚፈሰው ሪዮ ኔግሮ፥ ትርጓሜው ጥቁር ወንዝ፥ ከዱር የረገፈ ቅጠል ስለሚበሰብስበት እንደ ሻይ ይጠቁራል፤ ፒኤቹም እስከ 5 ይወርዳል። የዚያ ወንዝ ዓሣ በገንዳ ሲኖር የትውልድ ውሃውን የሚመስል ማዘጋጀት ይገባል። ንጹሕ ደረቅ ቅጠልና እንጨት በውሃው ቢዘፈዘፍ፥ ቆዳ የሚያለፋውን ታኒንና ሌላም ኮምጣጣ ነገር ቀስ በቀስ ይለቃል።

ነገር ግን በውሃው የሟሟ ኖራ ቢበዛ ኮምጣጣውን ይሽረዋል፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ የኖራ ድንጋይና ዛጎል ከገንዳው ይውጣ፤ ንጹሕ የዝናም ውሃም በጥቂት በጥቂቱ ይቀላቀል። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በአንድ ጊዜ የሚያፈስ ሰው ግን ውሃውን አቀናለሁ ሲል ዓሣውን ያጠፋል፤ ፒኤቹ ድንገት ወርዶ ተመልሶ ይወጣልና።