የውስኪ ስምና ግብሩ

ውስኪ የሚለው ቃል የመጣው በስኮትላንድና በአየርላንድ ከሚነገረው የጌሊክ ቋንቋ ሲሆን፣ ፍችው «የሕይወት ውሃ» ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም፣ የዚህ መጠጥ ስም ከግብሩ ጋር አይስማማም።

ውስኪ የሚሠራው ከገብስ ብቅል ወይም ከሌላ እህል ነው። ጥንስሱ ከፈላ በኋላ፣ በአገራችን አረቄ እንደሚወጣው ሁሉ፣ በእሳት ተንተክትኮ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ይጠራቀማል። የስኮትላንድ ውስኪ በሕግ ቢያንስ 3 ዓመት በእንጨት በርሜል ይቆያል፤ አልኮሉም ከመቶ 40 አያንስም።

ብዙ ሰዎች ውስኪ ብርድ ያስወግዳል ይላሉ። ነገር ግን አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ፣ ጠጪው የሞቀው ቢመስለውም የሰውነቱ ሙቀት ወደ ውጭ ይባክናል። ከዚህም የተነሣ ሰክሮ በብርድ ሜዳ ላይ ያደረ ሰው ለሞት ሊዳረግ ይችላል።

አልኮልን ከደም የማስወገዱ ሥራ በአብዛኛው የጉበት ነው። ብዙ መጠጣት ለዓመታት ሲደጋገም በጉበት ላይ ስብ ይከማቻል፤ ቀጥሎም ይቆጣል፤ በመጨረሻም ጠባሳ ሸፍኖት ሥራውን ለማከናወን ይሳነዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1988 እ.ኤ.አ. የአልኮል መጠጦችን ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መደባቸው። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ለጤና አያሰጋም የሚባል የመጠጥ መጠን እንደሌለ አስታወቀ።

በየግብዣው ውስኪ የክብር፣ አረቄ ግን የውርደት ምልክት ተደርጎ ይታያል። ሁለቱም የሚያሰክሩት ግን በአንድ ዓይነት አልኮል ነው። እንግዲህ የመጠጥ ጉዳት መመዘን ያለበት በጠርሙሱ ውበትና በዋጋው ሳይሆን፣ በውስጡ ባለው የአልኮል መጠን ነው።