የሐረር አሚሮች፦ ግንቡ የማን ነው፣ መንግሥቱስ?

ስለ ሐረር አሚሮች ሲወራ የሚነሳው መጀመሪያ የእንግሊዛዊው ተጓዥ የበርተን ጉብኝት፣ ቀጥሎ የጨለንቆ ጦርነት ነው። በ1647 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) አሊ ኢብን ዳውድ የአሚሮቹን መንግሥት መሠረቱ፤ በ1875 የግብፁ ራኡፍ ፓሻ ከተማዋን እስኪይዝ ድረስ አሚሮች ተፈራረቁ። ግብፆች በ1885 ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ነገሡ፤ በጥር 1887 ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ተሸነፉ። ይህን ማንም መጽሐፍ ገልጦ ያገኘዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከተማዋን የከበበው የጀጎል ግንብ ነገር ነው። ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው ፋላና በር ላይ አንዱ አስጎብኚ «ግራኝ ያሠሩት ነው» ይላል፤ ሌላው «የሐረር አሚሮች ናቸው» ይላል። ኧረ እባካችሁ! ግራኝ የሚባሉት ኢማም አሕመድ በ1543 ወድቀዋል። ግንቡን ያሠሩት ከእሳቸው በኋላ ባለቤታቸውን ባቲ ድል ወንበራን ያገቡት፣ በ1559 አፄ ገላውዴዎስ የወደቁበትን ጦርነት ያሸነፉት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። እሳቸው ካለፉ በኋላ፣ በ1577፣ ኢማም መሐመድ ጋሳ መናገሻውን ከሐረር ወደ አውሳ አዛወሩት። ሐረር ራሷን የቻለችው አሊ ኢብን ዳውድ ከአውሳ ሲለዩ ነው። ኑርም አሊም «አሚር» ስለተባሉ ብቻ አንድ መንግሥት አናድርጋቸው፤ በመካከላቸው የአንድ ሰው ዕድሜ የሚያህል ዘመን አለ።

ታዲያ የአሊ ወራሾች ምን አላቸው? የተዘጋጀ ግንብ ወረሱ፤ ጠባቂነቱን ግን አሳምረው ያዙት። አሚር አሕመድ ኢብን አቡበከር ሲገዙ በ1855 የመጣው በርተን እንደጻፈው፣ ማታ አምስቱ በሮች ተዘግተው ቁልፉ ወደ አሚሩ ይወሰድ ነበር። ከዚያ በኋላ የደረሰ ነጋዴ እስኪነጋ ከውጭ ያድር ነበር።

ከሁሉ የምወደው ግን መሐለቃቸውን ነው። ሐረር ባለው ሸሪፍ ሙዚየም የሚታዩት እነዚህ ሳንቲሞች ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጡም፤ የአሚሩ ስምና የሒጅራው ዓመት በዐረብኛ ተቀርጾባቸዋል። በ48 ሄክታር ከተማ የተቀመጠ ገዥ በስሙ ገንዘብ ያስመታ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ አስጎብኚ ወንድሞቼ፣ ግንቡ ጋ ስትቆሙ ኑርን ጥሩ። የአሚሮቹን መንግሥት ማሳየት ስትፈልጉ እንግዳውን ወደ ሙዚየሙ ይዛችሁ ግቡ፤ አሚሮቹ ስማቸውን የጻፉት እዚያ ባለው መሐለቅ ላይ ነው።