«ካዥዋልቲ» ሁሉ ሟች አይደለም

ዛሬም ያው ስህተት ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የጦርነት ዜና ነው፤ ርዕሱ ይህን ያህል ሺህ ወታደር «ተገደለ» ይላል። ምንጩን ከፍቼ ሳየው «ካዥዋልቲስ» ነው የሚለው። እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ቴሌግራም ላይ ወጥቶ ሰው እየተቀባበለው ነበር። ስለዚህ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

1. በወታደራዊ እንግሊዝኛ ካዥዋልቲ ከውጊያ ውጪ የሆነ ሁሉ ነው፦ የሞተ፣ የቆሰለ፣ የጠፋ፣ የተማረከ። ለሟች ብቻ ሲሆን «ፋታሊቲ» የሚል ቃል አላቸው። ብሪታንያ ውስጥ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ራሱ ለዘመናት «ካዥዋልቲ» ሲባል ኖሯል፤ እጁ የተሰበረ ልጅ ይዘው የሚሮጡበት ክፍል ማለት ነው።

2. በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተደረገውን የሶም ውጊያ የመጀመሪያ ቀን ውሰዱ፤ ጁላይ 1 ቀን 1916 እ.ኤ.አ.። የብሪታንያ ጦር ካዥዋልቲ 57,470 ነበር። የሞተው 19,240፣ የቆሰለው 35,493፤ የቀረው የጠፋና የተማረከ ነው። «57 ሺህ ሞተ» ብሎ የሚተረጉም ሰው 38 ሺህ ሰው በብዕሩ ገደለ ማለት ነው።

3. ትልልቆቹም ስተውበታል። በኖቬምበር 2022 መጨረሻ የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ደር ላየን ከ100 ሺህ በላይ የዩክሬን ጦር አባላት ተገድለዋል ብለው በቪዲዮ ተናገሩ። ቪዲዮው ወዲያው ተሰረዘ፤ ቃል አቀባይዋም ቁጥሩ ካዥዋልቲ፣ ማለትም ሟችና ቁስለኛን አንድ ላይ የያዘ እንደነበር አስረዱ። በማግስቱ የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት የዜለንስኪ አማካሪ ሚካይሎ ፖዶልያክ የሞቱት ከ10 ሺህ እስከ 13 ሺህ ናቸው አሉ። እንግዲህ ልዩነቱን አስሉት።

ደግሞም የዜና ወኪሉ አሶሼትድ ፕረስ በአጻጻፍ መመሪያው ቃሉ አሻሚ ስለሆነ ተውት ይላል። ባለሥልጣን ከተናገረው ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ ቆሰለ ብላችሁ አፋጥጡት፤ መልስ ካጣችሁ አለመታወቁን ጻፉ ነው የሚለው። ባለቤቶቹ የሚጠነቀቁለትን ቃል እኛ «ሞቱ» ብለን እንገላገለዋለን።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን አማርኛው ቃል አጥቶ አለመሆኑ ነው። «ሙትና ቁስለኛ» አለን! የጦር ሜዳ ዜና በሬዲዮ እየሰማ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ምርኮኛ ካለበት «ሙት፣ ቁስለኛና ምርኮኛ» ይባላል። አጭር ነው፣ ትክክል ነው፣ አያት እንኳ ትሰማዋለች። እሱን ትተው «ሰለባ ሆኑ» የሚሉም አሉ፤ አንባቢ ሰለባ ሲል ሞትን ነው የሚያስበው፣ ስለዚህ አያድንም። የውጭ ዘጋቢ ስለ እኛው ጦርነት የጻፈው ወደ አማርኛ ሲመለስስ? ልጁ ግንባር ያለ ቤተሰብ ያንን ርዕስ ያነባል እኮ! ከቆሰሉት አንዱ ሊሆን የሚችለውን ልጅ እንደሞተ ቆጥሮ ያድራል።

ጥፋቱ የወጣቱ ተርጓሚ ብቻ ነው አልልም። በአንድ ፈረቃ የዜና ክምር አሸክመውት፣ ከጎኑ አንድ አርታኢ የማያስቀምጡለት አለቆች አሉ። ለስቱዲዮ መብራትና ለካሜራ በጀት ይገኛል፤ ለአርታኢ ሲሆን የለም። ስልጠና ተብሎ ሲጠራም ስለ ካሜራ አንግል ይወራል እንጂ ምንጭን ከትርጉም ጋር ማስተያየት የሚያስተምር የለም። ስህተት ሲነገራቸው ደግሞ ድምፅ ሳያሰሙ ያጠፉታል። ያጋራው ሰው ገጽ ላይ ግን እንዳለ ይቀመጣል።

የዛሬውም እንዲሁ ጠፍቷል፤ ማረሚያ አልወጣለትም። በዚያው ቻናል፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ «ተገደሉ ያልነው ሙትና ቁስለኛ ነው» ተብሎ ይውጣ ብዬ ጽፌያለሁ። መልስ እየጠበቅኩ ነው።