ደብተር ላይ ያለው ብርና ያልተሠራው ጣሪያ

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ቤታቸውን ካጡት አንዱ ነዎት እንበል። ጣሪያውን መልሰው ለመሥራት ከጉሮሮዎ እየቀነሱ 57,000 ብር ባንክ አስቀመጡ፤ 1,000 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ተወው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ114 ብር አለፈ። ደብተርዎ ላይ ያለው ቁጥር አልተነካም፤ በዶላር ሲሰላ ግን 500 አይሞላም። የቆርቆሮና የሚስማር ጥሬ ዕቃ ደግሞ በዶላር ነው የሚገባው። ጭማሪው እጥፍ ባይሆን እንኳ መሰማቱ አይቀርም።

ለይፋት ገበሬ ነገሩ ሁለት ገጽ አለው። ማሾ ወደ ውጭ ስለሚላክ ዶላር ሲወደድ ዋጋው በብር ሊጨምር ይችላል፤ ማዳበሪያው ግን ከውጭ ይመጣል።

ታዲያ ምን ይሻላል? የቤቱ ገንዘብ እስኪሞላ አይጠብቁ። ዘንድሮ ቆርቆሮውን፣ ለከርሞ ሚስማሩን እያሉ ይግዙና ከርጥበት ይጠብቁት። ለሕመምና ለልጆች ትምህርት የሚሆነውን ግን አይንኩት። ውጭ ያለ ዘመድ ሲልክልዎም የባንኮችን የዕለት ምንዛሪ ያነጻጽሩ፤ ዋጋቸው አንድ አይደለም።