ወረራው መቼ ያበቃል?

ጨዋታ ለቤተ ሰብ ፍቅር እንጂ ለጠብ አልተሠራም፤ ነገር ግን ሕጉ አስቀድሞ ካልተነገረ ወንድማማቾችን ያኳርፋል።

ባለፈው እሑድ በየካ፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኝ ቤት ተጋብዘን ሳለ፥ ሁለት ወንድማማቾች ዛሬ እምብዛም የማይታየውን የአባቶቻችንን ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። የዚህ ጨዋታ መክፈቻ «ወረራ» ይባላል፤ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲያዝ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ነው። የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ዋልተር ፕላውደንም፥ በ1868 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታተመው መጽሐፉ ይህንኑ ሥርዓት ገልጾታል።

ወንድማማቾቹ ግን ባንድ ቅጽበት አንዱ የሌላውን ጠጠር አነሡና፥ «እኔ ቀደምሁ» ተባብለው ተኳረፉ። አባታቸውም የፍርድ ቤት ጸሐፊ መሆናችንን ያውቃሉና ፍርዱን ከእኛ ጠየቁ።

ያለፈውን ጨዋታ ለማንም አልፈረድንም። ለሚመጣው ግን፥ «ሁለቱ ባንድነት ቢያነሡ ጠጠሮቹ ወደ ስፍራቸው ይመለሱ፤ ወረራውም ይቀጥል» ብለን ጻፍን፤ ሁለቱም ፈረሙበት፤ ገበታውም እንደገና ተዘረጋ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ሕጉን ከጨዋታው በፊት አስነግሩ። ከጠብ በኋላ የሚወጣ ሕግ፥ ምንም ቅን ቢሆን፥ ለተሸነፈው ወገን አድልዎ መስሎ ይታየዋልና።