ከወለድ የሸሸ ገንዘብ ተኝቶ እንዳይቀልጥ

ወለድ (ሪባ) ሐራም መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም የለም ማለት ይቻላል። ከወለድ ከሸሸን በኋላ ገንዘቡን የት እናስቀምጠው የሚለው ጥያቄ ግን ብዙም አይነሳም። ደሞዝ ሲገባ ወይም ከሱቅ ትርፍ ሲገኝ «ከወለድ ነፃ» የተባለ ሒሳብ ውስጥ እንከተውና እንረሳዋለን። ገንዘቡ ሐራም አልነካውም፤ ዋጋው ግን ይሸረሸራል። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ለሐጅ ብሎ ለዓመታት ብር ሲያጠራቅም የቆየ ሰው ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የየቲሞችን ገንዘብ በአደራ የያዙ ሰዎች እንዲነግዱበት መክረዋል፤ ምክንያታቸውም ዘካ እንዳይበላው ነው። በዓመት 2.5 ከመቶ እየወጣለት ዝም ብሎ የተቀመጠ ገንዘብ ያልቃል። ዛሬ ከዚያ ላይ የዋጋ ንረት ተጨምሯል።

ለማስቀመጥ መጀመሪያ መትረፍ አለበት። እዚህ ላይ ረጅም ምክር አያስፈልግም፤ አንድ ወር ሙሉ የወጣውን እያንዳንዱን ብር መጻፍ በቂ ነው። በቀን 60 ብር ለማኪያቶ የሚያወጣ ሰው በ26 የሥራ ቀን 1,560 ብር ያወጣል። (ጫት የሚቅም ወንድም ደግሞ ሒሳቡን ራሱ ቢሠራው ይሻላል።) ጤፍን ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ በአዝመራ ወቅት በኩንታል መግዛት፣ የልጆችን የዒድ ልብስ ረመዷን ሳይገባ መጨረስ እውነተኛ ልዩነት ያመጣሉ። የጾም ወር ሆኖ ሳለ የብዙ ቤት የምግብ ወጪ ከሌላው ወር የሚበልጠው በረመዷን መሆኑም ሊያሳስበን ይገባል።

አሁን ወደ ባንኩ እንመለስ። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከወጣበት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ከፍተዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ሥራ ጀምረዋል። ነገር ግን «ከወለድ ነፃ» የሚለው ስም በውስጡ የተለያዩ ውሎችን ይዟል። ወዲዓ ወይም ቀርድ በሚባለው ባንኩ ገንዘባችሁን ሙሉውን ሊመልስ ዋስትና ይገባል፤ ትርፍ ግን የላችሁም። በሙዷረባ ደግሞ እናንተ ባለ ገንዘብ፣ ባንኩ ሠራተኛ ትሆናላችሁ። ትርፍ ሲገኝ በቅድሚያ በተስማማችሁበት ድርሻ ትካፈላላችሁ፤ ባንኩ ሳያጠፋና ቸል ሳይል ኪሳራ ከደረሰ ኪሳራው በገንዘባችሁ ላይ ነው። ከወለድ የሚለየውም በዚህ ነው። ወለድ ካስቀመጣችሁት ገንዘብ ላይ ተሰልቶ ቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ ሙዷረባ ግን ከተገኘው ትርፍ የሚሰጥ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ለወር ወጪና ለድንገተኛ ችግር የሚሆነውን በወዲዓ፣ ዓመት የማትነኩትን በሙዷረባ ማድረግ ያስኬዳል። ሒሳብ ስትከፍቱ «ውሉ ምንድን ነው? የትርፍ ድርሻዬ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በወር ይህን ያህል ትርፍ አይቀርም፣ ዋናውም አይነካም ብሎ ገንዘብ የሚሰበስብ ግለሰብ ቢመጣ ግን፣ ጢሙ ቢረዝምም፣ ያ ሙዷረባ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ በእንዲህ ዓይነት «ሐላል ቢዝነስ» ጥሪቱን አጥቷል።

እቁብ ሌላው መንገድ ነው። ቀድሞ ለወሰደ ወለድ የሌለው ብድር፣ መጨረሻ ለደረሰው ደግሞ የቁጠባ ሣጥን ነው። የሳዑዲ ዐረቢያ ታላላቅ ዑለማኦች ምክር ቤትም በ1410 ዓመተ ሂጅራ ይህን ዓይነት የጋራ ማኅበር ፈቅዷል። ችግሩ የሚመጣው ዕጣ ሲሸጥ ነው። 20 ሰዎች በወር 5,000 ብር የሚጥሉበት እቁብ አለ እንበል። ዕጣው የወጣለት ሰው 100,000 ብሩን ለቸገረው ይለቅለትና 8,000 ብር ይቀበላል፤ የዚያ ሰው ተራ ሲደርስ ደግሞ ሙሉውን 100,000 ይወስዳል። ስሙ «እቁብ መሸጥ» ይባል እንጂ 100,000 አበድሮ 108,000 መቀበል ነው። ሪባ በባንክ ደጃፍ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች እዚህ ላይ ሳያውቁት ይገቡበታል። ማስተማር ላይ በነበርኩበት ጊዜ በመምህራን እቁብ ጥሩ ልማድ ነበር፦ ሕመም ወይም ወሊድ ለገጠመው ሰው ዳኛው አባላቱን አስማምቶ ያለ ምንም ክፍያ ተራውን ያስቀድምለታል።

እናቶቻችን የሚያምኑት ወርቅን ነው፤ የብር ዋጋ ሲወርድ አልተሳሳቱም። ግን ወርቅ በዱቤ አይገዛም፤ ገንዘቡና ወርቁ በአንድ መቀመጫ እጅ በእጅ መለዋወጥ አለባቸው። አሮጌውን የአንገት ሐብል ሰጥቶ ከላዩ ገንዘብ ጨምሮ አዲስ መውሰድም በአብዛኛዎቹ ዑለማኦች ዘንድ አይፈቀድም። የኸይበሩ ሹም ምርጥ ተምር ይዞላቸው ሲመጣና አንዱን ቁና በሁለት ቁና ተራ ተምር እንደለወጠው ሲናገር፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተራውን በገንዘብ ሸጦ በገንዘቡ ምርጡን እንዲገዛ አዘውታል። ወርቅ ቤትም እንዲሁ ነው፦ መጀመሪያ አሮጌውን ሸጣችሁ ገንዘቡን ተቀበሉ፣ ከዚያ አዲሱን ግዙ።

በዓመቱ መጨረሻ የዘካ ሒሳብ አለ። የወርቅ ኒሳብ 85 ግራም፣ የብር (የማዕድኑ) 595 ግራም ነው። ዛሬ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እጅግ ሰፊ ስለሆነ በወርቅ ሒሳብ ዘካ የማይደርስበት ብዙ ሰው በብር ሒሳብ ይደርስበታል፤ ብዙ ዑለማኦችም ለድሆች የሚጠቅመውን የብሩን ይመርጣሉ። ሴቶች በልክ የሚያጌጡበት ወርቅ በሻፊዒይ መዝሀብ ዘካ የለውም፣ በሐነፊይ አለው፤ ለቁጠባ ተብሎ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ግን በሁሉም ዘንድ ዘካ አለበት። ዕጣ ያልደረሳችሁ እቁብተኞችም እስካሁን የጣላችሁትን ከባንኩ ገንዘብ ጋር ደምሩት፤ ሰዎቹ የሚታመኑ ከሆኑ እጃችሁ ላይ እንዳለ ይቆጠራል።