ጉርሻውን እናቱ ታጉርሰው

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጅ በጉዲፈቻ የሚያሳድጉ ወላጆች ለምክር እኔ ዘንድ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ወሬያቸውን የሚጀምሩት በሙገሳ ነው። «ሰው ወዳድ ነው፤ ማንንም አይፈራም፤ እንግዳ ከመግባቱ ጭኑ ላይ ነው።» ችግር ብለው ያመጡት ሌላ ነው፤ ይዋሻል፣ ትምህርት ቤት ይማታል፣ የተነገረውን አይሰማም። ማስታወሻዬ ላይ ቀድሞ የሚሰፍረው ግን ያ ሙገሳ ነው። የአራት ዓመት ልጅ የብሎኩን ጥበቃም፣ የሚኒባሱን ረዳትም፣ እናቱንም እኩል የሚያቅፍ ከሆነ፣ ከሰው ሁሉ መካከል የእኔ የሚለውን ገና አልለየም። እንዲህ ያለ ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ቢላጥ ወደ ማንም አይሮጥም። ትራሱ ሥር ዳቦ ይደብቃል፤ ነገም ቁርስ እንደሚኖር አላመነማ።

ከሕፃናት ማሳደጊያ የመጣ ልጅ በጨቅላነቱ ብዙ እጅ አልፎበታል። ሞግዚቶቹ ደጋጎች ቢሆኑም ሥራቸው በፈረቃ ነው፤ ማታ ያባበለችው ጠዋት የለችም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ቡካሬስት ላይ በተጀመረ ጥናት ተመራማሪዎች በማሳደጊያ ይኖሩ የነበሩ 136 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ገሚሶቹን ለአሳዳጊ ቤተሰብ ሰጡ። ወደ ቤተሰብ የገቡት ከአሳዳጊያቸው ጋር የተሻለ ትስስር አበጁ፤ ይበልጥ የቀናቸውም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት ነበሩ። ዘግይቶ የገባ ልጅ ተስፋ የለውም ማለት አይደለም፤ ሥራው ግን ይረዝማል።

ይህ ሥራ ዛሬ በአብዛኛው የአገር ቤት ወላጅ ሥራ ነው። የቤተሰብ ሕጉን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ ጉዲፈቻን ከዘጋ በኋላ ማሳደጊያ ያሉ ልጆች ተስፋቸው እዚሁ ያለ ቤተሰብ ነው። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ልዩ ቦታ ነው። ብዙው ነዋሪ ከመሀል ከተማ ዕጣ ደርሶት የመጣ ስለሆነ ያደገበትን ሰፈር፣ እናቱንና የልብ ጎረቤቱን ትቶ መጥቷል። አዲሱ ጉርብትና በፎቅ ደረጃና በቡና ላይ የተሠራ ነው። ቡናው ላይ ደግሞ ልጁ ይዞራል፤ አንዷ ታጎርሰዋለች፣ አንዷ ትስመዋለች፣ ሌላዋ አዝላው ትወርዳለች።

እኔ እዚህ ላይ ነው ከባህላችን ጋር የምጋጨው። ልጅን መንደሩ ሁሉ ማሳደጉ እናቱን ለይቶ ላወቀ ልጅ ትልቅ ጸጋ ነው። እናቱን ገና ላልለየ ግን ማሳደጊያውን መልሶ ቤት ማምጣት ይሆንበታል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያበላው፣ የሚያጥበውና የሚያስተኛው አሳዳጊው ብቻ ይሁን እላለሁ። ይህን ለጎረቤት መንገር ከባድ ነው፤ ኩራት ይመስላል። አንዷ አሳዳጊ እናት በዕድሜ ለገፉት ጎረቤቷ ያለችውን ወድጄላታለሁ፦ «እማማ፣ ጉርሻውን ለእኔ ይስጡኝና እኔ ላጉርሰው፤ ሐኪም አዞ ነው።» ሐኪም አይደለሁም። ግን ሠርቶላታል።

የአንዳንዱ ልጅ ነገር ግን በዚህ ብቻ አይፈታም። ትናንት የለየውን ፊደል ዛሬ አያውቀውም። ሦስት ነገር አከታትለው ቢያዙት አንዱን ብቻ ይሠራል፤ ተቀጥቶበት እንኳ ያንኑ ጥፋት ይደግማል። መምህሯ «ሆን ብሎ ነው» ትላለች። እንዲህ ሲሆን ስለ እርግዝናው እጠይቃለሁ። እናት የጠጣችው አልኮል በእትብቱ በኩል ለጽንሱ ይደርሳል፤ ጉበቱ ገና ስላልጠነከረ በቶሎ አያስወግደውም፤ በመሠራት ላይ ያለው አንጎል ይጎዳል። በ1973 እ.ኤ.አ. ሲያትል የሚገኙ ሐኪሞች ጉዳቱን ስም ሰጥተው ገለጹት። ዛሬ የሚታወቁት የፊት ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ አጠር ያለ የዓይን ክፍተት፣ በአፍንጫና በከንፈር መካከል ያለው ቦይ መጥፋት፣ የላይኛው ከንፈር መሳሳት። አብዛኞቹ የተጎዱ ልጆች ግን ፊታቸው ላይ ምንም አይታይም። ያኔ ማስረጃው የእርግዝናው ታሪክ ነው፤ የልጁ ፋይል ደግሞ «ተጥሎ የተገኘ» ብሎ ያበቃል።

ወላጅ እናትን ለመውቀስ አይደለም የምጠይቀው። አረቄ አውጥታ የምትተዳደር ሴት ሥራዋም መጠጡም ቤቷ ውስጥ ነው። ጠላን ደግሞ ብዙዎቻችን ከመጠጥ አንቆጥረውም፤ ለነፍሰ ጡር በገዛ እጃችን የምንቀዳ አለን። ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አለመታወቁን የነገራት አልነበረም።

አንጎሉ የተጎዳን ልጅ ኩርኩምም የበርበሬ ጢስም አያስተምረውም። የሚይዘው ቅጣቱን ነው፤ ምክንያቱ ያመልጠዋል። ጠበል ለሚወስዱት አልከለክልም፤ አብረው እንዲያደርጉ የምነግራቸው አለኝ። አንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ፣ በአጭር ቃል። የመነሻው፣ የምግቡና የመኝታው ሰዓት በየቀኑ አንድ ይሁን። ፊት መታጠብ፣ ቁርስ፣ ጫማ፣ ቦርሳ በሥዕል ተሥሎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ዳቦው እጁ በሚደርስበት ሰሃን ላይ ይዋል። ሲናደድ ክፍል ዘግቶ ማሰር ይቅር፤ ዝም ብሎ አጠገቡ መቀመጥ ነው። የስምንት ዓመቱን ልጅ እንደ አምስት ዓመት ልጅ መጠበቅ ያስፈልግ ይሆናል፤ መኪና በሚበዛበት በዚህ የፍጥነት መንገድ መነሻ አካባቢ ደግሞ ብቻውን ሱቅ መላክ ጭራሽ አይሞከርም። እናቶቹ «ልጄን አስተካክልልኝ» ብለው ይመጣሉ፤ እኔ በአብዛኛው የማስተካክለው ቤቱን ነው።

በሩን ከዘጋን በኋላ በዝግታ የሚጠየቅ ጥያቄም አለ፦ «ልመልሰው እችላለሁ?» የጠየቀ ሁሉ ጨካኝ አይደለም፤ ብዙዎቹ እንቅልፍ ያጡ ናቸው። መልሱ ግን አጭር ነው። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ በማናቸውም ምክንያት አይፈርስም ይላል። በልዩ ሁኔታ ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው የሚችለው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ካደረገው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ከያዘው ነው። የልጁ አስቸጋሪነት በምክንያትነት አልተጻፈም።

ስለዚህ ልመናዬ ልጁን ለሚያስረክቡት ነው። ስለ እርግዝናው የታወቀውን፣ ሲወለድ የመዘነውን፣ ስንት ጊዜ ከቤት ቤት እንደተዘዋወረ፣ የትኛዋ ሞግዚት ስትይዘው ዝም እንደሚል አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ስጡ። አሳዳጊዋም ፊርማዋን ከማኖሯ በፊት ያንን ገጽ ትጠይቅ።